ሠላሳ ስምንት ግራም

የጀላሉዲን ውሸት በሁለት ግራም ተጀመረ። ሰው በወጉ ሲዋሽ ትልቅ ነገር ይዋሻል፤ እሱ ግን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቀጥተኛነቱ ሲመሰገን ኖሮ፣ ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር በሚጠብቀው ፓርኪንግ ውስጥ የወደቀ አምስት ዶላር እንኳ ባለቤቱን ፈልጎ ሲመልስ ኖሮ፣ በስተርጅና የወደቀው በሁለት ግራም ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ልጁ ራዲያ ከዴቪስ፣ ከምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ደወለች።

«ባባ፣ እሜቴ ዛሬ ስንት መዘነች?»

የወጥ ቤቱ ሚዛን ሠላሳ ስድስት ይላል። «ሠላሳ ስምንት» አላት።

እሜቴ ወፍ ናት። እዚህ አገር ባጂ የሚሏት፣ መዳፍ የማትሞላ፣ ራሷ ቢጫ ደረቷ አረንጓዴ የሆነ ትንሽዬ በቀቀን። ስሙን ያወጣችላት የጀላሉዲን ሚስት ሃፍሳ ነበረች። ገዝታ ያመጣቻት ዕለት ወፊቱ ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳ ስታይ ዋለች፤ ሃፍሳም «እሜቴ፣ ምነው አኮረፉ?» ብላ ለመነቻት፤ በዚያው ቀረ። ሃፍሳ ከሞተች እነሆ ሦስት ዓመት ሆናት። ራዲያ ዶርም ውስጥ ወፍ አይፈቀድምና እናቷ የተወችላትን ወፍ ለአባቷ አደራ ሰጥታ ነው የምትማረው። ስትሄድ ዝም ብላ አልሄደችም፤ ሚዛን ገዝታ፣ ፍሪጅ ላይ ወረቀት ለጥፋ፣ እንደ አስተማሪ ጣቷን ቀስራ አስረድታው ነው።

«ወፍ በሽታዋን ትደብቃለች ባባ። የታመመች ከመሰለች መንጋው ስለሚጥላት፣ እስክትወድቅ ድረስ ደህና መስላ ትቆማለች። ሶ እሷን አትመናት፤ ሚዛኑን እመን። ሁልጊዜ እሁድ ጠዋት ሳትበላ መዝናት። አራት ግራም ከቀነሰች ሐኪም ጋ ትወስዳታለህ፣ ለኔም ትደውላለህ። ኦኬ?»

«ኦኬ» ብሎ ነበር፤ ከልቡ ነበር ያለው።

ታዲያ ሁለቱን ግራም ለምን ዋሸ? ራዲያ ሚድተርም ፈተና ነበረባት። ይኸው ነው ምክንያቱ፤ ሌላ የለውም። ሁለት ግራም ቀነሰች ብሎ ቢነግራት ታስባለች፤ ካሰበች አታጠናም፤ ምናልባትም ስድስት ሰዓት ድራይቭ አድርጋ ትመጣለች። ከሩቅ ያለን ልጅ ክፉ ወሬ አለማሰማት እኛ ዘንድ እንደ ውለታ ይቆጠራል፤ ጀላሉዲንም ውለታ የዋለላት ነው የመሰለው። ግን እሱ ከማንም በላይ ሊያውቅ የሚገባው ነገር ነበር።

ሃፍሳ ጉበቷን ስትታመም ራዲያ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበረች። ያኔም ፈተና ነበር። ሃፍሳ ራሷ «ትጨርስና ይነገራታል» አለች፤ ልጅቷ በቪዲዮ ስትደውል ከትራስ ቀና ብላ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ከንፈሯን ቀለም ነካ አድርጋ «ጉንፋን ነው» ትላት ነበር። ሰፈራቸው ፌርፋክስ ላይ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ ራዲያ ብቻ አታውቅም። ሃፍሳ አርብ ጠዋት አረፈች፤ እንደ ሃይማኖታቸው ቀብሯ በዚያው ቀን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሆነ። ራዲያ ቅዳሜ ፈተናዋን ጨርሳ መጣች። የእናቷን ፊት አላየችም። ከዚያ ከሳምንት በኋላ አባቷን ሶፋው ላይ አስቀምጣ፣ ዓይኑን እያየች፣ «ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳትደብቀኝ። ወላሂ በል» አለችው። «ወላሂ» አላት።

እና አሁን ሁለት ግራም።

መጀመሪያ ያየው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በምንቃሯ ጥግ ላይ ዱቄት የነካት የሚመስል ነጭ ነገር ነበር። የእህል ብናኝ ነው ብሎ በጣቱ ሊጠርግላት ሞከረ፤ አልጠረግ አለው። ደግሞ ፊቷን ከመቆሚያው እንጨት ጋር መፋተግ አብዝታለች። ጀላሉዲን ወሎ ሲያድግ ዶሮ አርብቷል፤ ቅንቅን የያዛት ዶሮ እንዴት እንደምትሆን አይጠፋውም። «ቅንቅን ነው» አለ ለራሱ፤ ትክክልም ነበር። የሚገርመው ይኸ ነው፤ በሽታውን በመጀመሪያው ሳምንት አውቆታል።

በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ እትዬ ሽታዬ ሱቅ ገባ። እትዬ ሽታዬ ፌርፋክስ ላይ ቅመማ ቅመም የሚሸጡ፣ ስድሳ ስድስት ዓመታቸውን የደፈኑ፣ ጴንጤ ናቸው፤ የሃፍሳ የልብ ወዳጅ ነበሩ። ሃፍሳ ስትታመም ሾርባ ያመላለሱት እሳቸው፣ «ልጅቷ እንዳትሰማ» ብለው ሰፈሩን ያስጠነቀቁትም እሳቸው ናቸው።

«እትዬ ሽታዬ፣ ለቅንቅን የሚሆን ነገር ይኖርዎታል? እሜቴ ፊቷ ላይ ወጣባት።»

«ውይ የኔ ምስኪን!» አሉና ወደ መደርደሪያው ዞሩ። «ጥቁር አዝሙድ ዘይት ውሰድ። እናንተስ ከሞት በቀር የማያድነው የለም ትሉ የለ?»

«እንላለን።»

«ታዲያስ። ጠዋት ማታ ቀባ አድርጋት። ለራዲያ ነገርካት?»

«አልነገርኳትም።»

«ደግ አደረግህ። ፈተናዋን ትጨርስ። ለወፍ ብላ ልጅቷ ትረበሽ? ጌታ ያውቃል፣ ሲሻላት ትነግራታለህ።»

ዘይቱን በነፃ ነው የሰጡት። ጀላሉዲንም እንደታዘዘው ጠዋት ማታ፣ ያውም ሳይሰስት፣ ፊቷን፣ እግሯን፣ አንገቷን ቀባት። ወፊቱ ትንፈራገጣለች፤ እሱ «እሺ እሜቴ፣ ለርስዎ ነው፣ ይታገሱኝ» ይላታል፣ ልክ እንደ ሃፍሳ። በሳምንቱ ሲመዝናት ሠላሳ አምስት ሆነች። ራዲያ ደወለች። «ሠላሳ ስምንት» አላት።

ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይከብዳል። የመጀመሪያውን ያለፍከው «የዛሬን ብቻ» ብለህ ነው፤ ሁለተኛውን ስትል ግን የመጀመሪያውንም እየጠበቅህ ነው። አሁን እውነቱን ቢናገር፣ «ያለፈው እሁድስ?» ትለዋለች። ስለዚህ ቢሻላት ኖሮ እውነት ይሆን የነበረውን ቁጥር እየደገመ፣ እንዲሻላት መጠበቅ ጀመረ። ወረቀቱ ላይ ግን እንደታዘዘው እውነተኛውን ይጽፍ ነበር። ለምን እንደሚጽፍ ቢጠይቁት አይመልስም፤ ምናልባት አንድ ቦታ ላይ እንኳ አለመዋሸት ፈልጎ ይሆናል።

ሚድተርሙ አለፈ። ፋይናል መጣ። የኛ ልጅ ሁልጊዜ አንድ ፈተና አለባት፤ ለመደበቅ ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ምቹ ነው።

ነጩ ነገር ወፍሮ ቅርፊት ሆነ። ከምንቃሯ ሥር ተነሥቶ ዓይኗ አጠገብ ደረሰ፤ እግሯም ላይ ወጣ። የላይኛው ምንቃሯ ወደ ጎን መጣመም ጀመረ። ዘይቱ ደረቷን አርሶት ላባዋ እየተጣበቀ፣ ቀን በቀን ክብ ሆና ተነፋፍታ፣ በሁለቱም እግሯ ቆማ ታንቀላፋለች። በፊት በአንድ እግሯ ነበር የምትተኛው። ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ወደላይ ወደታች ይላል። ይህ ሁሉ የበሽታ ምልክት መሆኑ በራዲያ እጅ ፍሪጁ ላይ ተጽፏል፤ ጀላሉዲን ወተት ሊያወጣ በከፈተ ቁጥር ያነበዋል። ግን ወፊቱ ደግሞ ወደ እህሏ ትሄዳለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ታነሣለች፣ ትጥላለች። «ትበላለች» ይላል እሱ። «የሚበላ አይሞትም።» ራዲያ በቪዲዮ «እስቲ አሳየኝ» ስትለው ስልኩን ከሩቅ፣ ከሶፋው ጫፍ ይዞ፣ ጀርባዋን ያሳያታል።

«ምነው ተነፋፋች?»

«ብርዱ ነው። ኤሲውን አብዝቼው ነው።»

«ቀንሰው እንጂ ባባ!»

«ቀነስኩት፣ ቀነስኩት።»

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ሱብሒ ሰግዶ የጎጆዋን መሸፈኛ ሲገልጥ እሜቴ መቆሚያው ላይ የለችም። የጎጆዋ ወለል ላይ፣ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ሲያነሣት አልተንፈራገጠችም። ሚዛኑ ላይ አስቀመጣት፤ ሃያ ስድስት። ጀላሉዲን ሥራ ደውሎ ቀረ። የወፍ ሐኪም ያገኘው ጋርዴና የሚባል ከተማ ነው፤ በጫማ ካርቶን አድርጎ፣ ፎጣ ደርቦላት፣ ካርቶኑን በወንበር ቀበቶ አስሮ ነዳ።

ሐኪሟ አጠር ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ ፊሊፒናዊት ናት። ወፊቱን በሁለት ጣቷ ይዛ አጉሊ መነጽር አስጠጋችና ብዙ ሳትቆይ ቀና አለች።

«እነዚህ ቀዳዳዎች ይታዩዎታል? እንደ ማር ሰፈፍ የተበሳሱት? ማይት ነው፤ ቅንቅን። ቅርፊቱን ሰርስሮ ውስጡ ይኖራል። መቼ ጀመራት?»

ለማያውቃት ሴት እውነቱን መናገር እንዴት ቀላል እንደሆነ ገረመው። «ስድስት ሳምንት ሆናት።»

ሐኪሟ የላባውን መጣበቅ በጣቷ ዳሰሰች። «ዘይት ነው?»

«መድኃኒት ነው ብዬ።»

«ወፍን ዘይት የነካው ላባ አያሞቃትም። በምንቃሯ ላጽዳው ስትል ደግሞ ትውጠዋለች።» ደረቷን ዳሰሰች፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት ወጥቷል። «ከስታለች። ምንቃሯ ስለተጣመመ ፍሬውን መፈልፈል አልቻለችም።»

«ትበላ ነበር። በዓይኔ አይቻታለሁ።»

«የምትበላ መስላ ነው» አለች ሐኪሟ፤ ልትወቅሰው አልነበረም፣ ግን እውነቱን ከመናገር አልተመለሰችም። «ያነሣችውን ፍሬ ልብ ብለው ቢያዩት ኖሮ፣ ሳትፈለፍለው እንደምትጥለው ያውቁ ነበር።»

ጀላሉዲን የጎጆው ወለል ላይ በየቀኑ የሚጠርገው ሙሉ ሙሉ ፍሬ ትዝ አለው። ተርፏት ነው ይል ነበር። እህሉ ፊት ቆማ፣ በሰው ቤት፣ በሚወዳት ሰው ቤት፣ ተርባ ኖራለች።

«መድኃኒቱ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ባይጠይቅ ይሻለው ነበር።

«አንገቷ ጀርባ ላይ ጠብ የምትደረግ አንዲት ጠብታ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ አንዲት። አብዛኞቹ ይድናሉ።»

ጠብታዋን አደረገችላት፤ በቀጭን ቱቦም ምግብ ሰጠቻት። ግን ተስፋዋ የመነመነ መሆኑን አልደበቀችውም፤ «ከፈለጉ እዚህ ሙቀት ውስጥ ትቆይ፣ ከፈለጉ ደግሞ አብረዋት ይሁኑ» አለችው። እሱ አብሯት መሆንን መረጠ። የክሬንሾውን መንገድ ይዞ ወደ ሰሜን ሲነዳ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ የካርቶኑን ክዳን ገለጥ አደረገ። እሜቴ በጎኗ ተኝታለች፤ ዓይኗ ግማሹ ክፍት ነው። በጣቱ ነካት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ያሉት ክላክስ ያንባርቁ ጀመር፤ ጀላሉዲን ግን መሪውን ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ። በሃፍሳ ጊዜ ሰው ፊት ነበርና እንዲህ አላለቀሰም።

የቀበሯት ከእትዬ ሽታዬ ሱቅ ጀርባ፣ ጤና አዳም የተከሉባት አንድ ክንድ መሬት ላይ ነው። እትዬ ሽታዬ ራሳቸው ቆፈሩ፤ እያለቀሱ «ዘይቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ» ይላሉ፤ እሱ ደግሞ «የቀባሁት እኔ ነኝ» ይላቸዋል።

እሁድ ራዲያ ደወለች። ማክሰኞ የመጨረሻ ፈተናዋ ነው፤ ሐሙስ ትመጣለች።

«እሜቴስ?»

«ተኝታለች።»

«በቀን? ስንት መዘነች?»

ጀላሉዲን ባዶውን ሚዛን አየው። «ሠላሳ ስምንት» አለ፤ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ስልኩን ሲዘጋ ራሱን ፈራው።

ሐሙስ ሲደርስ እትዬ ሽታዬ ቆርጠው መጡ። «ብቻህን አትነግራትም። እንደ ወጉ፣ ሰው ባለበት ነው የሚነገራት።»

«ለወፍ እትዬ ሽታዬ?»

«የሃፍሳ ናት እኮ! የእናቷ እጅ ያረፈባት ናት። ብቻዋን ሰምታ ትውደቅ?»

እሺ አላቸው። እውነቱን ለመናገር እፎይ ነው ያለው፤ የልጁን ዓይን ብቻውን ማየት አልሆንልህ ብሎት ነበር። እትዬ ሽታዬ ሱቅ አብራቸው የምትሠራውን ሐሌታን ይዘው መጡ፤ ከፓርኪንግ የሥራ ባልደረባው ጁነይድ ከነሚስቱ መጣ። እንደ ቤቱ ደንብ ሁሉም ጫማቸውን ደጅ አውልቀው፣ ሳሎኑ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተቀመጡ። ጀላሉዲን ሻይ ላፍላ ብሎ ወጥ ቤት ገባ። ከመካከላቸው አንዳቸውም ያላሰቡት ነገር ነበር፤ ደግነት እንዲህ ዓይን ይጋርዳል።

ራዲያ የልብስ ሻንጣዋን እየጎተተች ደረጃውን ወጣች። በሩ ላይ አራት ጥንድ ጫማ ተደርድሮ አየች። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ያን ቅዳሜ፣ እናቷ መሞቷን ማንም አፍ አውጥቶ ሳይነግራት ያወቀችው እዚሁ በር ላይ የተደረደረ ጫማ አይታ ነበር። አሁን እዚህ ቤት የቀረ ሰው አንድ ነው።

በሩን የከፈቱት እትዬ ሽታዬ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ» አሏት።

የራዲያ ጩኸት የሰፈሩን ሰው በመስኮት አስወጣ። «ባባ! ባባ! ባባ!» ጀላሉዲን የሻዩን ትሪ ጥሎ ሮጠ። ልጁ ደፉ ላይ በጉልበቷ ወድቃለች፤ እትዬ ሽታዬን በሁለት እጇ እየገፋች «የት ነው? የት ወሰዳችሁት?» ትላለች። ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። አላወቀችውም መሰለው። ከዚያ ፊቱን ያዘች፤ ጉንጩን፣ ትከሻውን፣ ደረቱን ዳሰሰች።

«አለህ?»

«አለሁ። አለሁ የኔ ልጅ። እሜቴ ናት። እሜቴ ናት የሞተችው።»

ሳቀች። በእንባ መካከል ከት ብላ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሳቁ ተቆረጠ። ማንም ምንም ሳይላት ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ፍሪጁ ላይ ወረቀቱ አለ፤ በአባቷ እጅ፣ ከላይ ወደ ታች ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ አምስት እያለ ወርዶ ሃያ ስድስት ላይ ቆሟል። ለረጅም ጊዜ አነበበችው። እንግዶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እንደ ሌባ በጣታቸው እየረገጡ ወጡ።

«መቼ ሞተች?»

«ባለፈው ሳምንት ረቡዕ። ቅንቅን ነበር።»

«እሁድ ሠላሳ ስምንት አልከኝ።»

«ፈተናሽን እንዳይረብሽሽ ብዬ...»

«እማ ጊዜም ፈተና ነበር ባባ።» አልጮኸችም። ብትጮኽበት፣ ብትሰድበው ምንኛ በወደደ። «አንዴ ፊቷን ብታሳየኝ ይበቃ ነበር። አንዴ። አንድ ጠብታ መድኃኒት ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ነግረውኛል።»

«ለወፏ አይደለም የማለቅሰው» አለችው።

ሦስት ቀን ሰነበተች። ምግብ ሠራች፣ ልብስ አጠበች፣ ጎጆውን አጥባ ደጅ አወጣች፤ ስታናግረው በትሕትና ነው። ይሉኝታ ያለው ትሕትና፣ እንግዳ ለእንግዳ የሚሰጠው ዓይነት። ከዚያ ዴቪስ የክረምት ሥራ እንዳገኘች ነግራው ሄደች። ኤርፖርት ሲያደርሳት አቀፈችው፤ አጥብቃ ነው ያቀፈችው፤ መውደድማ ትወደዋለች። ያጣው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነም ያውቀዋል።

በሚቀጥለው እሁድ በሰዓቷ በቪዲዮ ደወለች።

«ደህና ነህ ባባ?»

«ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ።» እውነቱን ነበር፤ ትንሽ ጉልበቱን ከማመሙ በቀር ምንም የለውም። እሷ በስልኩ ውስጥ አተኩራ ታየዋለች፤ ዓይኑን፣ አንገቱን፣ ትንፋሹን። «ወላሂ ደህና ነኝ» አላት።

«አትማልልኝ» አለችው ቀስ ብላ። «ምሳ በልተሃል?»

«በልቻለሁ። ሩዝ በሥጋ።»

«ሳህኑን አሳየኝ።»

የሚቀልድ ሰው ድምፅ አልነበረም። ጀላሉዲን ስልኩን ይዞ ወጥ ቤት ገባ፤ ከእቃ ማጠቢያው ውስጥ ያልታጠበውን ሳህን አንሥቶ፣ የተጣበቀው ሩዝ በደንብ እንዲታያት ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ለልጁ አሳያት።